በቀይ ክር የተሰፉ አሥራ አንድ ቀናት

በእኛ ቤት ያልተጻፈ ነገር አይደረግም። የሚጻፈው ደግሞ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ በተሰቀለው ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። የሚያመጡት የባሌ ታላቅ እህት ናቸው፤ የሚሰቅሉትም እሳቸው፣ የሚያነቡትም እሳቸው፣ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቁርስ ላይ ቆመው ማን ምን እንደሚሠራ የሚያውጁትም እሳቸው። ልጆቼ ገና በሕፃንነታቸው «ሊቀመንበሯ» ያሏቸው ለዚህ ነው። ፊት ለፊት «እትዬ» እንላቸዋለን፤ ከኋላቸው ግን ሊቀመንበሯ ናቸው። እሳቸውም ያውቁታል፣ ሆዳቸው ውስጥ ደስ ሳይላቸውም አይቀርም። ከቀን መቁጠሪያው ጎን እርሳስና ላጲስ በገመድ ተንጠልጥለዋል። እስክሪብቶ ክልክል ነው። የቤተሰብ ነገር ይቀያየራል፣ ይላሉ።

እውነት ነው፣ ይቀያየራል። እኔ ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚቀያየረው።

ረጅሟን ልጄን ለማየት አራት ዓመት በእርሳስ ጻፍኩ፤ አራት ዓመት በላጲስ ጠፋ። ረጅሟ የበኩር ልጄ ናት። የምትኖረው አንድ ቀን በአውቶቡስ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል በባቡር ተሄዶ በሚደረስበት የወደብ ከተማ ነው፤ ሥራዋ ክሬን መንዳት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ታናሽ ወንድሟ ከደረጃ ወድቆ እግሩን ተሰበረ፣ ቀረሁ። በሁለተኛው የልጅ ልጄን ኩፍኝ ያዛት፣ ቀረሁ። በሦስተኛው የስፌት ቤቱ ጣራ አፈሰሰ። በአራተኛው፣ ሻንጣዬ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ የሊቀመንበሯ ደም ግፊት ወጣ። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ወረደ።

ረጅሟ በየእሑዱ ትደውላለች። ስለ አየሩ እናወራለን፣ ስለ አባቷ ጉልበት እናወራለን፣ ከዚያ ስልኩን ልትዘጋ ስትል «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች። እኔም «ይሄ ነገር ይለፍና» እላታለሁ። ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመታቱን ውሃ በላቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ግን አንድ እሑድ ሳትጠይቀኝ ዘጋች። ረስታ ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለውም አልጠየቀችም። በአምስተኛው እሑድ ጊዜ ልስጣት ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ዝም አልኩ። እሷም «በይ ደህና ዋዪ እማ» ብላ ዘጋችው። ያን ቀን ፈራሁ። የተቆጣ ልጅ ይታረቃል፣ ያለቀሰ ልጅ ይባበላል፤ መጠየቅ የተወን ልጅ በምን እንደሚመልሱት ግን ማንም አላስተማረኝም።

ስለዚህ በማግስቱ፣ የመንገዱ ዛፎች ቅጠላቸውን ማርገፍ በጀመሩበት ሳምንት፣ የቀን መቁጠሪያውን ከሚስማሩ አውርጄ ወደ ስፌት ቤቴ ወሰድኩት። ካፖርት የምሰፋበትን ወፍራም መርፌ አነሳሁ፣ ቀይ ክር ደርቤ አስገባሁና ወረቀቱን ከነካርቶኑ እየወጋሁ ከሁለት ወር በኋላ ያሉትን አሥራ አንድ ቀናት በአንድ መስመር ሰፋኋቸው። የመንገዱን ቀናት አልጨመርኩም፤ እዚያ ከደረስኩ በኋላ የምቀመጥባቸው ብቻ ናቸው። ከጀርባ ሁለት ጊዜ ቋጥሬ ክሩን በጥርሴ በጠስኩትና መልሼ ሰቀልኩት።

ሊቀመንበሯ መጀመሪያ በላጲሱ ሞከሩ። የምሬን ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀጥለው በጥፍራቸው ሞከሩ። ከዚያ ወንድማቸውን ጠሩ። ባሌ መጥቶ አየ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ደግሞ አየ፣ በመጨረሻም ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው ብሎ ወደ ካውያው ተመለሰ። ባሌ እንዲህ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት እኔ እሰፋለሁ እሱ ይተኩሳል፤ ክርክር ሲነሳ ሁልጊዜ የሚተኮስ ሸሚዝ አያጣም።

እነዚያ ሁለት ወራት እንዴት እንዳለፉ አልናገርም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ልናገር። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የደንብ ልብስ አለ፤ ሰማንያ ቀሚስና ስልሳ ሱሪ። ወንዱ ልጄ ቤት ቀየረ፤ መጋረጃው በአዲሶቹ መስኮቶች ልክ ማጠር ነበረበት፣ ሳህኑን የሚጠቀልል ሰው ያስፈልግ ነበር፣ ያ ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይታወቃል። ባሌ ጥርስ አስተከለ፤ ሦስት ሳምንት ሾርባ ብቻ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ተውኔት አዘጋጀና ሃያ ስድስት ልጆች ቅጠል ሆኑ። ሃያ ስድስት ቅጠል በቢጫ ጨርቅ፣ እያንዳንዱ ከነደም ሥሩ። የእኔዋ ቅጠል አልሆነችም፤ ነፋስ ነበረች። ነፋስ ምን ይለብሳል ብላ ስትጠይቀኝ አንድ ሳምንት አስባለሁ ብያት፣ በመጨረሻ በተረፈ ገበር አለበስኳት። ቀና ደፋ ስል ቁርሴን ከምሳዬ ጋር እበላ ነበር። ሁሉንም አደረስኩ። ቀዩ ክር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከዚያ የአዳራሹ ነገር መጣ።

ሊቀመንበሯ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ዘመድ አዝማድ የሚጠራበት ትልቅ ግብዣ ታስቦ፣ አዳራሹ ግን አንድ ቀን ብቻ ነበር ባዶ የተገኘው፤ ያ ቀን ደግሞ የቀዩ ክር ሰባተኛ ቀን ሆኖ ቁጭ አለ። እንዴት እንዲህ ሊገጥም ቻለ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔም አልጠየቅኩም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ጉባኤ ተቀመጠ። ልጄ መምህር ስለሆነ ነገሩን በሦስት ነጥብ አስረዳኝ። ረጅሟ የትም አትሄድም፣ ወደቡም የትም አይሄድም፣ አዳራሹ ግን ይሄዳል። ምራቴ ነፋሷን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል ብላ ተጨነቀች። ሊቀመንበሯ እንኳ ራሳቸው ብዙ አልተናገሩም፤ መሐረባቸውን እያጣጠፉ፣ ሰባ ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚሞላው፣ እኔ ግን ማንንም አላስቸግርም፣ አሉ። ማንንም አላስቸግርም ሲሉ ሰው ሁሉ ይቸገራል። ባሌ የካውያውን ገመድ ሲጠቀልል ነበር።

ምላሴን ነክሼ ሁሉንም አዳመጥኩ። ሲጨርሱ ተነሳሁ፣ ከስፌት ቤቱ ትልቁን መቀሴን አምጥቼ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩት።

«ክር ነው። ላጲስ አይበግረውም። ጉዞው ይቅር የሚል ሰው መቀሱን አንስቶ እፊቴ ይቁረጠው» አልኩ።

ማንም አላነሳም። ልጄ ጣራውን አየ፣ ምራቴ ሻይ ልታፈላ ተነሳች። ሊቀመንበሯ መቀሱን ትንሽ ሲያዩት ቆዩና፣ ቀሚሱን ግን ሳትሰፊልኝ አትሄጂም አሉ። እሱስ ልክ ነው አልኩ። የሰባ ዓመት ቀሚስ ሌላ ልብስ ሰፊ ቢሰፋው እኔ ራሴ አልሞትም?

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ምስጢር መናገር አለብኝ። የሊቀመንበሯ ወገብ ሰማንያ ስምንት ነው። ይህ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተወሰነ ጉዳይ ነው። ሜትሩን ስጠመጥምባቸው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከእኔ ቀድመውም «ሰማንያ ስምንት» ይላሉ። እኔም ደብተሩ ላይ ሰማንያ ስምንት ብዬ እጽፋለሁ። ጨርቁን የምቆርጠው ግን ዓይኔ ባየው ልክ ነው። ደብተሩ ይዋሻል፣ መቀሱ እውነቱን ይናገራል፣ ቀሚሱም ልክክ ይላል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ተስማምተን ኖረናል፤ አንድም ቀን ተነጋግረንበት ግን አናውቅም።

ቀሚሱ ጥቁር ሰማያዊ ነበር፣ እጅጌው ረጅም፣ ከኋላ ዚፕ። በሁለት ቀን ሰፋሁት። መጥተው ይልበሱትና ልይዎት ብዬ ሁለት ጊዜ ላክሁባቸው፤ አኩርፈው ስለነበር አልመጡም። የምትሄድ ሰው ምን አስጨነቃት አሉ መሰለኝ። እኔም አኮረፍኩ። ተኩሶ እንዲሰቅለው ለባሌ ሰጠሁትና በማግስቱ ጠዋት ጨርቄን ማቄን ሳልል ተነስቼ ወጣሁ። ባሌ ሻንጣዬን እስከ አውቶቡሱ ተሸክሞ ሸኘኝ። መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ መጥቶ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ብቻ «ረጅሟን ሳሚልኝ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። እሱም አራት ዓመት እንዳላያት ያን ጊዜ ነው የታወሰኝ፤ ዝም የሚል ሰው ናፍቆቱ አይታይም።

ለረጅሟ ሐሙስ ረፋድ እንደምደርስ ነግሬያት ነበር። «እሺ እማ» ብላኛለች። ጻፊው ስላትም «እሺ» ነው ያለችኝ። ባቡሩ ሐሙስ ረፋድ በሰዓቱ ደረሰ። ሰው ሁሉ ወረደ፣ ሰው ሁሉ ተቃቀፈ፣ ሰው ሁሉ ሄደ። እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ስልኳ ዝግ ነው። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። መጀመሪያ እሷ ላይ ተናደድኩ፤ ሁለት ቀን ተኩል ወገቤ እስኪቆረጥ ተጉዤ የመጣሁ እናት እንዴት ጣቢያ ላይ ትጣላለች ብዬ። ከዚያ ንዴቴ ተመልሶ ወደ ራሴ መጣና፣ ተቀምጦ ማልቀስ ስለማልችልበት ተነሳሁ። መንገደኛ ጠይቄ፣ የከተማ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ወደቡ በር ድረስ ሄድኩ።

የበሩ ጠባቂ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ልጄን ፈልጌ ነው፣ ክሬን ነጂ ናት፣ ረጅም ናት አልኩት። አገላብጦ አየኝ። «እናት እንዳላት አላውቅም ነበር» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ ወዲያውም የራሱን ወንበር አወጣልኝ።

ከአጥሩ ወዲያ አራት ክሬኖች ነበሩ። ጠባቂው ሦስተኛውን አሳየኝ። ከላይ፣ ከሰማዩ ሥር፣ የመስታወት ክፍል አለ፤ ውስጡ ያለው ሰው አይታይም። የሚታየው የቤት ያህል ሳጥን ከመርከቡ ተነስቶ በአየር ላይ ሲሄድ ነው። ሳጥኑ መጣ፣ ቆመ፣ መወዛወዙን እስኪያቆም ትንሽ ታገሠው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሌላው ሳጥን ላይ ቁልፍ ወደ ቀዳዳው እንደሚገባ ገባ። አራቱም ማዕዘን አንድ ላይ። እኔ አርባ ዓመት በእጄ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያየሁት እጅ እንደሆነ ገባኝ። አሥራ አራት ሳጥን እስክታወርድ ቆሜ አየኋት። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም።

ፈረቃዋ ሲያልቅ ሄልሜቷን በብብቷ ይዛ ወደ በሩ መጣች። ስታየኝ ቆመች። ከስታለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች፣ የሥራ ጃኬቷ እጅጌ ከአንጓዋ በላይ ቀርቷል።

«እማ፣ መጣሽ?» አለች።

አቀፍኳት። አባቷ እንዳዘዘኝ ሳምኳት፣ የራሴንም ጨመርኩ። ትከሻዋ ግን አልላላም። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤ ስንት ወር የጠበቅኩት ጥያቄ ግን አልነበረም።

«መቼ ነው የምትመለሺው?»

አሥራ አንድ ቀን እቀመጣለሁ፣ ተሰፍቷል አልኳት። ምን እንደተሰፋ አልገባትም።

ፈቃድ አልወሰደችም ነበር። ስልኳን ክሬኑ ላይ ይዞ መውጣት ስለማይፈቀድ ዘግታ ቆልፋበታለች። ቤቷ ስንደርስ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረችኝ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ የእኔም ልጅ እዚያ ደርሳለች። ባለፈው ዓመት አሥር ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ ጣቢያ ሄዳ ሁለት ባቡር ጠብቃለች። እንደቀረሁ የሚናገረው መልእክት የደረሳት ሦስተኛው ባቡር ሲገባ ነው። ያን ዓመት ለእኔ ብላ የገዛችው ታጣፊ አልጋ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። እኔ በዚያ ሰሞን የሊቀመንበሯን ደም ግፊት ሳስለካ ነበር።

ፕላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት። አልጋውን ዘረጋሁና ተኛሁበት። ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፤ ቢሆንም ተኛሁበት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። እሷ ጠዋት ትሄዳለች፣ እኔ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እዞራለሁ። እንቁላል እጠብሳለሁ፣ ዳቦ እገዛለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ሥር ሄጄ ከጠባቂው ጋር ቆሜ ሳጥን እቆጥራለሁ። ስንገናኝ እንግዳና ባለቤት ሆነን ሻይ እንጠጣለን። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዓይኗ ወደ ስልኩ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን ጃኬቷን ከመስቀያው አውርጄ እጅጌውን ላስረዝም መርፌዬን ሳወጣ ከኋላዬ መጣች።

«እማ፣ እንዳትነኪው» አለች።

እጅጌው እኮ አጥሯል፣ አንጓሽ ይበርደዋል አልኳት። ጃኬቱን ከእጄ ወሰደችው። አልጮኸችም፤ እሷ አትጮህም፣ አባቷን ነው የወጣችው።

«ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ የሰፋሁትን ሁሉ ተርትረሽ ነው የመለስሽልኝ። ትራስ ልብሱን፣ ሽርጡን፣ ለአባዬ የሰፋሁትን ሸሚዝ። ክሬን የወደድኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንዴ ያስቀመጥኩትን መጥቶ የሚያነሳብኝ የለም።»

ሽንጤን ገትሬ ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ደንበኛ ጠማማ ስፌት አይቀበልም፣ እጅ በልጅነት ካልተቃና አይቃናም፣ እኔንም እናቴ እንዲሁ ነው ያሳደገችኝ፤ ይህ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጠማማ ነበራ» አልኳት።

ትንሽ አፍጥጣ አየችኝና ሳቀች። ከደረስኩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ጠማማስ ነበር፣ ግን የአባዬ ሸሚዝ ምን አደረገሽ አለችኝ። የዚያ ሸሚዝ አንገት እንደ ኮረብታ ነበር፤ ባሌ ግን እንዲሁ ሊለብሰው ፈልጎ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት። ያን ቀን ጃኬቷን አልነካሁም። ክፉ አድርጌያለሁ ብዬ ነገርኳት፣ በቃል። እሷም ሻይ ጨመረችልኝ።

ስድስተኛው ቀን፣ የግብዣው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ስለነበር ሁለታችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ ነበር፤ ከኋላው ቤቱ ሁሉ ይንጫጫል። ሊቀመንበሯ ቀሚሱን ዛሬ ገና ለብሰውታል። ዚፑ እስከ ወገባቸው መጥቶ አልሄድም ብሏል። ምራቴ ገፍታለች፣ ባሌ ስቧል፤ አልሆነም። ልጄ «ዛሬ ማታ በሚነሳው ባቡር ብትመጪ ለግብዣው ባትደርሺም ዘመድ ከመበተኑ በፊት ትደርሻለሽ፣ ቢያንስ እትዬን ታባብያለሽ» ይላል። ምራቴ ደግሞ «እትዬ ደም ግፊታቸው...» አለች።

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ወዲያው ነው የገባኝ። የሃያ ስድስቱ ቅጠሎች ቁርጥራጭ ገና ጠረጴዛዬ ላይ ተበትኖ፣ ልቤ ቀድሞኝ ባቡር ላይ ተሳፍሮ፣ እሳቸውም አኩርፈው፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ሳይሆን በደብተሩ ቆርጫለሁ። ሰማንያ ስምንት ብዬ ሰማንያ ስምንት ሰፍቻለሁ።

ያኔ ከኋላዬ አንድ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። ዞር አልኩ። ረጅሟ ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረውን ሻንጣዬን አውርዳ በሩ አጠገብ አቁማዋለች። አላዘነችም፣ አልተቆጣችም፤ ዝናብ ሲመጣ ልብስ እንደሚያስገባ ሰው ነበር ያደረገችው። መስቀያው ላይ ያለውን ሹራቤን ሳይቀር አጣጥፋ ሻንጣው ላይ አደረገችልኝ።

ቢቆጡኝ፣ ቢያለቅሱብኝ እችላለሁ። ያችን የታጠፈች ሹራብ ግን አልቻልኳትም።

«ባሌን ስጡኝ» አልኩ።

ባሌ ስልኩን ያዘ። መርፌና የስፌት መተርተሪያዋን ከመሳቢያው አምጣ አልኩት። ጎኑ ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ስፌቱ ሥር ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ትቻለሁ፤ ሁልጊዜ እተዋለሁ። ተርትረው፣ አስፋው፣ መልሰህ ስፋው አልኩት። እጄ እኮ ካውያ እንጂ መርፌ አያውቅም አለኝ።

«ሠላሳ አምስት ዓመት አጠገቤ ቆመህ አይተሃል። ትችላለህ» አልኩት።

ስንት ላድርገው አለኝ። ስልኩ ውስጥ ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። ሠላሳ ዓመት የተጠበቀ ነገር ነው፤ ግን እኔ ወይ የእሳቸውን የወገብ ምስጢር ወይ ልጄን መምረጥ ነበረብኝ።

«ዘጠና አራት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

የሊቀመንበሯ ድምፅ መጣ። ጥፋቱ የአንቺ ነው አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ የእኔ ነው። በደብተሩ ነው የቆረጥኩት። ግን አልመጣም። አምስት ቀን ይቀረኛል፣ አምስቱንም እቀመጣለሁ። ደም ግፊትዎ ከወጣ ሐኪም ቤቱ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

መልስ እስኪሰጡ አልጠበቅኩም፣ ዘጋሁት። ከዚያ ስልኩን ጭራሽ አጠፋሁትና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ረጅሟ በሩ አጠገብ እንደቆመች ነው። ሻንጣውን ወደ ቦታው መልሺው አልኳት። አልተንቀሳቀሰችም። አባዬ መስፋት አይችልም እኮ አለች። ይማራላ አልኩ። ጠማማ ይሆናል አለች። ይሁን፣ ይጥመም አልኩ። ያን ጊዜ ነው ትከሻዋ የላላው። ቁጭ አለች፣ ሻንጣው ላይ፣ በሹራቤ ላይ፣ እና የዚያን ያህል ረጅም ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰች። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ዓመት ስለጠበቅሽኝ ይቅር በይኝ አልኳት። ጭንቅላቷን ጭንቅላቴ ላይ ጣለች፤ ከብዷት የነበረው ሁሉ እኔ ላይ አረፈ።

በማግስቱ ስልኬን ስከፍት ከባሌ ፎቶ መጥቶ አገኘሁ። ሊቀመንበሯ በጥቁር ሰማያዊው ቀሚስ፣ አዳራሹ መሐል፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ጎኑ ላይ ስፌቱ እንደ እባብ መንገድ ይሄዳል። እሳቸው ግን በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን ተንፍሰው አያውቁም መሰለኝ፤ ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ከሥሩ ባሌ የጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ቻልኩ»።

ከቀሩት ቀናት ረጅሟ ፈቃድ ጠይቃ ሁለቱን አገኘች። ባሕሩ ዳር ሄድን፣ ነፋሱ ሊጥለን ደረሰ። ጠባቂው ቤት ተጋበዝን። ጃኬቷንም ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ፣ እጅጌውን አስረዘምኩላት።

የመመለሻዬ ዕለት ጠዋት ሻንጣዬን ስዘጋ፣ ወጥ ቤት ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ካርቶን ፊት ቆማ አገኘኋት። የመጪው ዓመት የፈረቃ ሰሌዳ ነው፤ ሠራተኛ ሁሉ የሚፈልገውን የፈቃድ ቀን አስቀድሞ ምልክት አድርጎበት ለአለቃው ያሳያል። ካርቶኑን ከግድግዳው ላጠችውና ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

ልክ የዛሬ ዓመት፣ ያው አሥራ አንድ ቀን፣ አባትሽንም ይዤ አልኳት። እጇን ዘረጋች። መርፌና ቀይ ክር ሰጠኋት። ክሩን ሦስት ጊዜ ስታ በአራተኛው አስገባችው፤ ላግዝሽ አላልኩም። አጎንብሳ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ እነዚያን ከሰማይ ላይ ሳጥን የሚያሳርፉ ትልልቅ ጣቶች እያጣመመች አሥራ አንዱን ቀናት ሰፋች። ባቡሬ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ቆሜ ጠበቅኳት። ሲያልቅ ካርቶኑን አንስታ አሳየችኝ። ክሩ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል፣ አንድ ቀን ጭራሽ ዘሏል።

ጠማማ ነበር። አልተረተርኩትም።